ሙቀትን ያገተ ባዶ ቦታ፦ የፔርሙዝ ታሪክ

የረመዷን ሌሊት ነው። ከተራዊሕ መልስ ቤተሰቡ አረፍ ሲል እናት ሻዩን አፍልታ በፔርሙዝ ትሞላለች። ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ለሱሑር ከተዘጋጀው ምግብ ጎን ታስቀምጠዋለች። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ቤተሰቡ ሲነቃ መብራት ቢጠፋም፣ ከሰሉ አመድ ቢሆንም፣ ሻዩ ከነእንፋሎቱ ይቀዳል። በማግስቱ ደግሞ ያው ፔርሙዝ ታጥቦ ለኢፍጧር ቀዝቃዛ ውሃ ይያዝበታል። ውሃውም እንደቀዘቀዘ መግሪብ ይደርሳል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ዕቃ እሳት የለውም፤ ኤሌክትሪክ የለውም፤ የሚሽከረከር ሞተር የለውም። ታዲያ ትኩሱን ትኩስ፣ ቀዝቃዛውን ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆየው ምንድን ነው? አጭሩ መልስ «ምንም» የሚል ነው። ቀልድ አይደለም። በፔርሙዙ ሁለት ግድግዳዎች መካከል አየር እንኳን ተመጥጦ የወጣለት ባዶ ቦታ አለ። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ያ ባዶ ቦታ ነው።

የሰው ልጅ እዚህ ባዶ ቦታ ላይ የደረሰው ግን በአንድ ጀምበር አይደለም። በገለባ፣ በሰጋቱራ፣ በሱፍና በላባ በኩል አልፎ ነው። ዕቃውን የሠራው ሰው ደግሞ ሻይ ለማሞቅ አላሰበም፤ ከንግዱም ተጠቃሚ አልሆነም። ዛሬ ይህን ታሪክ ከመነሻው አብረን እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሙቀት የሚያመልጥባቸው ሦስት በሮች

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። ሙቀት በራሱ ጊዜ የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው። ሻይ ቀዘቀዘ ማለት ሙቀቱ ወደ ክፍሉ ወጣ ማለት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ለብ ሲል «ቅዝቃዜው ወጣ» እንላለን እንጂ በእውነት የሆነው የክፍሉ ሙቀት ወደ ውሃው መግባቱ ነው። ስለዚህ ሻይን ከመቀዝቀዝና በረዶን ከመቅለጥ መጠበቅ አንድ ሥራ ነው፤ እሱም የሙቀትን መንገድ መዝጋት ነው።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ንክኪ ነው። የብረት ማንኪያ ትኩስ ሻይ ውስጥ ትተን ጫፉን ስንይዝ የሚፈጀን፣ ሙቀቱ በብረቱ ውስጥ ተሻግሮ ስለሚመጣ ነው። ሁለተኛው የአየር ወይም የፈሳሽ እንቅስቃሴ ነው። የሞቀ አየር ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ በቦታው ቀዝቃዛ አየር ይተካል። ትኩስ ሾርባን «እፍ» ስንል የምናፈጥነው ይህንኑ ነው። ሦስተኛው ጨረር ነው። ምድጃ ፊት ስንቀመጥ ፊታችን እየጋለ ጀርባችን የሚበርደን፣ ከፍሙ የሚወጣው ሙቀት እንደ ብርሃን በቀጥታ ስለሚጓዝና የሚያገኘው ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። ጋቢ አያሞቅም። የሚያሞቀው የራሳችን ገላ ነው፤ ጋቢው ያንን ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ ያዘገየዋል። የሚያዘገየውም በዋናነት በድርቦቹና በክሮቹ መካከል በያዘው አየር ነው። እንዳይንቀሳቀስ የተያዘ አየር ሙቀትን እጅግ በዝግታ ያሻግራል። ውሃ ከእሱ ከ20 እጥፍ በላይ፣ መዳብ ደግሞ ከ10 ሺህ እጥፍ በላይ ያሻግራል። ጋቢ በዝናብ ሲርስ ጥቅሙ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ የአየሩን ቦታ ውሃ ወስዶታል። ሳር ክዳን ቤት ቀን ቀዝቀዝ፣ ሌሊት ሞቅ የሚለውም በሳሩ መካከል አየር ስለታሰረ ነው። ስስ ቆርቆሮ ግን የሚይዘው አየር ስለሌለው ቀን ያነደናል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፈናል።

የእነዚህን በሮች ስም ሳያውቁ መዝጋትን ግን የተካኑ ሕዝቦች ነበሩ። ከእነሱ እንጀምር።

የበረሃው በረዶ

ዛሬ ኢራን በምንለው የፋርስ ምድር፣ በረሃ ዳር የተመሠረቱ ከተሞች ለብዙ ዘመናት በሐሩር ወራት በረዶ ነበራቸው። በረዶው የሚቀመጥበትን ቤት ያክቻል ይሉታል፤ «የበረዶ ጉድጓድ» ማለት ነው። ከታች ጥልቅ ጉድጓድ፣ ከላይ በጭቃ ጡብ የተሠራ ሾጣጣ ጉልላት አለው። በብርዱ ወራት ሌሊት በረጅም ግንብ ጥላ ሥር በተዘጋጁ ጥልቀት የሌላቸው ገንዳዎች ውሃ ይለቀቃል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ውሃው ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ እየለቀቀ ይጋገራል። ግንቡ ደግሞ ቀን ቀን ፀሐይን ይከለክላል። በረዶው ተሰብሮ ወደ ጉድጓዱ ይገባና በገለባ ይሸፈናል።

የጉልላቱ ግድግዳ ከሥሩ እስከ ሁለት ሜትር ይወፍራል። የሚለሰነው ሳሩጅ በሚባል ጭቃ ነው። ሳሩጅ ከሸክላ አፈር፣ ከአሸዋ፣ ከኖራ፣ ከአመድ፣ ከእንቁላል ነጭና ከፍየል ፀጉር ተቦክቶ ይሠራል፤ ሲደርቅ ውሃ አያሳልፍም። በሜይቦድና በከርማን የቆሙት ያክቻሎች ዛሬም ይጎበኛሉ። ኢራናውያን የኤሌክትሪክ ፍሪጅ ሲመጣ አዲስ ስም አልፈለጉለትም፤ እሱንም ያክቻል ብለው ይጠሩታል።

ከፋርስ ወደ ምዕራብ ስንሄድ የመምሉክ ሱልጣኖች ካይሮ ላይ ሆነው በረዶ ያስመጡ የነበረው ከሻም ተራሮች ነው። በ1418 ያረፈው የግብፅ ጸሐፊ አል-ቀልቀሸንዲ «ሱብሑል አዕሻ» በተባለው ትልቅ የመንግሥት ጸሐፊዎች መጽሐፉ ሥርዓቱን መዝግቦልናል። በረዶው በሁለት መንገድ ይመጣ ነበር። በባሕር ሲሆን በመርከብ እስከ ዲምያጥ፣ ከዚያ በአባይ ላይ በጀልባ እስከ ካይሮው ወደብ ቡላቅ ይደርሳል። በየብስ ሲሆን ከደማስቆ ተነሥቶ በየጣቢያው ግመል እየተቀየረ ይጓዛል። ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ የመንግሥት መልእክተኛ ነው፣ ሌላው በረዶን መያዝና መንከባከብ የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ሰው ልብ እንበል። በረዶን መንከባከብ ራሱን የቻለ ሙያ፣ እንጀራ የሚበላበት ዕውቀት ነበር ማለት ነው። በሲና አሸዋ ላይ በረዶ የሚያሻግር ሰው ጠላቱ ጊዜ ነው። ሙቀትን ጨርሶ ሊያስቆመው አይችልም፤ ግመሉ ካይሮ እስኪገባ ድረስ ግን ሊያዘገየው ይችላል። ሙቀትን የመከላከል ጥበብ ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ በረዶው የሚገባው ለሱልጣኑ ሸርበት ወደሚዘጋጅበት ቤት ነበር። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ለገበያ የሚቀርብ በረዶ እንዲኖር፣ ርካሽ የሆነና እንደ ልብ የሚገኝ መሸፈኛ ያስፈልግ ነበር። ያ መሸፈኛ የተገኘው በሌላ አህጉር፣ ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤቶች ደጃፍ ላይ ነው።

የሰጋቱራው ሀብት

በ1806 ፍሬደሪክ ቱዶር የተባለ የቦስተን ወጣት ነጋዴ ከኩሬ የተቆረጠ በረዶ በመርከብ ጭኖ ሞቃታማዋ የካሪቢያን ደሴት ማርቲኒክ ላከ። ሰው ሳቀበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሰረ፤ በዕዳም ታሰረ። ግን አልተወውም። በየጊዜው የተለያየ መሸፈኛ ሲሞክር ቆይቶ ያዋጣው ሰጋቱራ ሆነ። በሜይን ግዛት የነበሩት የእንጨት መሰንጠቂያዎች ሰጋቱራን እንደ ቆሻሻ ይጥሉት ነበር። ሸሪኩ ናትናኤል ዋይት ደግሞ በ1825 ገደማ በፈረስ የሚጎተት የበረዶ መቁረጫ ሠራ። በረዶው እኩል እኩል ሆኖ ስለተቆረጠ እንደ ጡብ ተጠጋግቶ ተደረደረ፤ በመካከሉ ሙቅ አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት ጠበበ።

በ1833 «ቱስካኒ» የተባለች መርከብ 180 ቶን ያህል በረዶ ጭና ከቦስተን ወደ ሕንዷ ካልካታ ተነሣች። ጉዞው አራት ወር ፈጀ። የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ አቋረጠች። ካልካታ ስትደርስ 100 ቶን ያህሉ በረዶ ገና በረዶ ነበር።

ይህ ተአምር አይደለም፤ ሦስት ምክንያቶች አሉት። መጀመሪያ ነገር፣ በረዶ ራሱ በቀላሉ እጁን አይሰጥም። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ አንድ ኪሎ ውሃን ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ጋር ይስተካከላል። ሁለተኛ፣ ትልቅ ክምር ከትንሽ ክምር ይልቅ ይቆያል። ሙቀት የሚገባው በገጹ በኩል ነው፤ ክምሩ ባደገ ቁጥር ደግሞ ከውስጡ ብዛት አንጻር ገጹ ያንሳል። ሦስተኛው ሰጋቱራው ነው። በፍርፋሪዎቹ መካከልና በእንጨቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ አየር ታስሯል፤ ያ አየር ንክኪውንም እንቅስቃሴውንም ያዳክማል።

ቱዶር ይህን ያወቀው በኪሳራና በሙከራ ነው። «ለምን» የሚለውን ጥያቄ በሥርዓት የመረመረው ግን ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የነበረ፣ በዚያው ማሳቹሴትስ ተወልዶ አውሮፓ የገባ ሰው ነው።

የላባው ምርመራ

ቤንጃሚን ቶምፕሰን ይባላል። በኋላ ላይ ባገኘው ማዕረግ ካውንት ሩምፈርድ በመባል ይታወቃል። በ1780ዎቹ በባቫሪያ ገዢ ሥር ሆኖ ሙኒክ ውስጥ ሠራዊቱን ያደራጅ ነበር። ለድሆች ምግብ የሚበስልባቸውን ትልልቅ ወጥ ቤቶችም አቋቁሟል። ስለዚህ ሁለት የዕለት ጥያቄዎች ነበሩበት። ወታደሩን በርካሽ የሚያሞቅ ልብስ የቱ ነው? ማገዶ ሳይባክን ብዙ ሰው የሚመገበው እንዴት ነው?

ሩምፈርድ ሙቀት መለኪያን በብርጭቆ ክብ ዕቃ መካከል አንጠለጠለ፤ በዙሪያው ያለውን ክፍተት አንድ ጊዜ በሐር፣ አንድ ጊዜ በሱፍ፣ ሌላ ጊዜ በጥጥ፣ በጥንቸል ፀጉር፣ በዳክዬ ለስላሳ ላባ ሞላው። ዕቃውን በፈላ ውሃ ያሞቅና በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ከዚያ ሙቀቱ እስኪወርድ ስንት ሰኮንድ እንደፈጀ ይቆጥራል። ውጤቱን በ1792 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት የማኅበሩን ኮፕሊ ሜዳልያ አገኘ።

የደረሰበት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን ትልቅ ነው። የሚያሞቀው የሱፉ ወይም የላባው ባሕርይ ብቻ ሳይሆን በውስጡ አንቆ የያዘው አየር ነው። ፀጉሩ በቀጠነና በተነፋ ቁጥር አየሩን እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ይይዛል። ሩምፈርድ ሌላም ሙከራ አደረገ። ሙቀት መለኪያውን አየር በሌለበት ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አኖረው። በዚህ ጊዜ ሙቀቱ አየር ካለበት ዕቃ ይልቅ ቀስ ብሎ ወረደ። የታሰረ አየር ጥሩ ነው፤ አየር ጨርሶ አለመኖር ግን ይበልጣል ማለት ነው። ይህ ሐሳብ የቤት ዕቃ ሆኖ ሱቅ እስኪገባ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

እስከዚያው ድረስ የታሰረው አየር በወጥ ቤት አገልግሏል። በ1867 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከኖርዌይ የመጣ አንድ የማብሰያ ሳጥን ታየ። ድስቱ እሳት ላይ ይፈላል፤ ከዚያ ወርዶ ውስጡ በወፍራም መከላከያ በተሸፈነው ሳጥን ይዘጋበታል። ምግቡ ያለ ተጨማሪ እሳት በራሱ ሙቀት ይበስላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነዳጅ የቸገራቸው የእንግሊዝ ቤተሰቦችም ሳጥን በድርቆሽ እየሞሉ ይህንኑ አድርገዋል። በየቤታችንም ድስትን በብርድ ልብስ ጠቅልለው የሚያቆዩ እናቶች የሚጠቀሙት ይህንኑ ሕግ ነው።

ቅዝቃዜን ፍለጋ የወጣው ሰው

አሁን ወደ ባዶው ቦታ ደረስን። ጄምስ ዴዋር በ1842 በስኮትላንድ ተወለደ። ከ1877 ጀምሮ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ፕሮፌሰር ነበር። የዘመኑ ትልቅ ውድድር ጋዞችን በማቀዝቀዝ ወደ ፈሳሽነት መለወጥ ነበር። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ዴዋር ፈሳሹን አግኝቶታል። ማስቀመጫ ግን አልነበረውም።

ችግሩን እናስበው። ለእንዲህ ያለ ፈሳሽ ተራው ክፍል እንደ እቶን ነው። በብርጭቆ ሲቀዳ ወዲያው ይንፈቀፈቃል፤ የብርጭቆው ውጭ ደግሞ በአመዳይ ስለሚሸፈን ውስጡ አይታይም። ስንት ወጪና ድካም የፈሰሰበት ነገር ሳይመረመር በዓይን ፊት ተኖ ያልቃል። ሱፍ ቢጠቀለልበት ይሻሻላል፤ ግን አይበቃም፤ ጭራሽም ይጋርደዋል።

በ1892 ዴዋር መልሱን ሠራ። አንዱን ብርጭቆ በሌላው ውስጥ አድርጎ አፋቸውን አንድ ላይ አጋጠመ፤ በመካከላቸው ያለውን አየር በፓምፕ መጥጦ አወጣና ዘጋው። አሁን የውስጡ ግድግዳ የውጩን የሚነካው በአፉ በኩል ብቻ ነው። በመካከሉ አየር ስለሌለ ሙቀትን ተሸክሞ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሁለት በሮች ተዘጉ። ሦስተኛው፣ ማለትም ጨረሩ ግን ባዶ ቦታን ያልፋል፤ የፀሐይ ሙቀት ባዶውን ሕዋ ተሻግሮ የሚደርሰን በዚህ ነው። ለዚህም ዴዋር ግድግዳዎቹን በስሱ በብር ቀባቸው። ብሩ እንደ መስታወት ሆኖ አብዛኛውን የሙቀት ጨረር ወደመጣበት ይመልሰዋል።

ፈሳሹ ኦክስጅን በአዲሱ ዕቃ ሲገባ ጸጥ አለ። የውጩ ግድግዳ የክፍሉን ሙቀት እንደያዘ ስለሚቆይ አመዳይ አልያዘውም። በ1898 ዴዋር በዓለም የመጀመሪያ ሆኖ ሃይድሮጅንን ፈሳሽ አደረገ፤ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው። ያለዚያ ዕቃ ይህ አይታሰብም ነበር። ቀጣዩና የመጨረሻው ግብ ሂሊየም ነበር። በ1908 ግን የሆላንዱ ሳይንቲስት ካመርሊንግ ኦኔስ ላይደን ላይ ቀደመው። ኦኔስ ፈሳሹን ሂሊየም የያዘበት ዕቃ የዴዋር ፈጠራ ነበር። ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ዕቃ «ዴዋር» ብለው ይጠሩታል።

ሌሎች ያተረፉበት

ዴዋር ለዕቃው ፓተንት አላወጣም፤ ማለትም ፈጠራው የእሱ ስለመሆኑና ሌላ ሰው ሊነግድበት እንደማይችል የሚያረጋግጥ ሕጋዊ መብት አላስመዘገበም። ለእሱ የምርምር መሣሪያ ነበር። ምናልባትም እናቶች ሻይ ይይዙበታል ብሎ አላሰበም።

ያሰበው በርሊን ውስጥ የነበረ ሬይንሆልድ ቡርገር የተባለ የብርጭቆ ባለሙያ ነው። ቡርገር ሥራው ለሳይንቲስቶች የብርጭቆ ዕቃ መሥራት ነበር። ሙቀት እንዳይገባ የሚከለክል ዕቃ ሙቀት እንዳይወጣም እንደሚከለክል ተረዳ። የጎደለው ነገርም ታየው፤ ስስ ብርጭቆ በቀላሉ ይሰበራል። ስለዚህ ብርጭቆውን በብረት ልባስ ውስጥ አስገባ፤ እንዳይናወጥ ደገፈው፤ ክዳንና ኩባያ ጨመረለት። በ1903 ለዚህ ዕቃ በጀርመን የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። በ1904 ቴርሞስ የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። ስሙ «ሙቀት» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን፣ የተመረጠውም ለሕዝብ በወጣ የስም ውድድር ነው ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማምረት መብቱ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝና ለካናዳ ኩባንያዎች ተሸጠ፤ ዕቃው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በየሠራተኛው ምሳ ዕቃና በየመንገደኛው ሻንጣ ገባ።

ዴዋር መብቱን ለማስከበር ሞከረ። ነገር ግን ፈጣሪነቱ ቢታወቅም የተመዘገበ ፓተንት ስላልነበረው አልተሳካለትም። በ1923 አረፈ። ኖቤል ሽልማትም አላገኘም። በእሱ ላይ የደረሰው ለብዙ ባለሙያዎቻችን ትምህርት ነው፤ ሠርቶ ማሳየት አንድ ነገር ነው፣ የሠሩትን በሕግ ማስጠበቅ ሌላ ነገር ነው።

የታሪኩ ምጸት ግን በዚህ አላበቃም። የአሜሪካው ቴርሞስ ኩባንያ ስሙ በሕዝብ አፍ እንዲገባ ብዙ ጣረ፤ ተሳካለትም። ከመጠን በላይ ተሳካለት። ሕዝቡ የማንኛውንም ኩባንያ ዕቃ «ቴርሞስ» ማለት ጀመረ። በ1963 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቃሉ የአንድ ኩባንያ ንብረት መሆኑ ቀርቶ የዕቃው ተራ ስም እንደሆነ ወሰነ። ዴዋር ዕቃውን እንዳጣ፣ ኩባንያውም ስሙን አጣ። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ በእኛ አፍ ሲሟሽ ደግሞ ፔርሙዝ፣ ፔርሙስ ሆነ። ዛሬ አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ «ፔርሙዝ አለ?» ሲል የየትኛውም ፋብሪካ ስም ትዝ አይለውም።

ዕቃው በብርጭቆ ብቻም አልቀረም። በ1913 የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመርን በማሻሻል የሚታወቀው አሜሪካዊ መሐንዲስ ዊሊያም ስታንሊ ግድግዳው በሙሉ ከብረት የሆነ ፔርሙዝ ሠራ። ዛሬ ገበያውን የሞሉት የማይሰበሩ ፔርሙዞች የዚያ ልጆች ናቸው።

የእኛ ቤት ፔርሙዝ

ብዙዎቻችን ያደግንበት ግን አበባ የተሳለበት፣ ውስጡ ብርጭቆ የሆነው ፔርሙዝ ነው። ልጅ ሆነን አንኳኩተነው ወይም ጥለነው ያ የብርጭቆ ድምፅ ሲሰማ የደነገጥነውን ድንጋጤ አንረሳውም። አሁን ምክንያቱን አውቀን እንየው። የውስጡን ብርጭቆ ከሥሩ ብናየው ትንሽ የሾለ ጫፍ አለው። አየሩ ተመጥጦ የወጣውና የተዘጋው በዚያ ነው። ያቺ ጫፍ ከተሸረፈች አየር ይገባል፤ ብርጭቆው ሙሉ ሆኖ ቢታይም ፔርሙዝነቱ አብቅቷል። ትኩስ ነገር ሞልተን የውጭው አካሉ በሙሉ ቢሞቀን ምልክቱ ይኸው ነው፤ ባዶው ቦታ ባዶነቱን አጥቷል።

ደህና በሆነ ፔርሙዝ ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው በአፉና በክዳኑ በኩል ነው። ስለዚህ ክዳኑ ላልቶ ከሆነ የብሩም የባዶው ቦታም ልፋት በከንቱ ይቀራል። ሻይ ከመሞላቱ በፊት ጥቂት ሙቅ ውሃ አዙሮ መድፋት ይጠቅማል፤ አለዚያ የመጀመሪያውን ሙቀት የሚወስደው ቀዝቃዛው ግድግዳ ነው። እስከ አፉ አካባቢ የተሞላ ፔርሙዝም በግማሽ ከተሞላው ይልቅ ይቆያል። ቱዶር በበረዶ ክምሩ ያየው ሕግ እዚህም ይሠራል፤ የሚያዘው ብዙ ከሆነ፣ በዚያው በር የሚያመልጠው ሙቀት የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

ሳጥን ተሸክማ የምትሄደው ሠራተኛ

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ሻይና ስለ ሸርበት ነው። ሻይ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል። ሙቀትን የመከላከል ነገር የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆንበት ቦታ ግን አለ፤ እሱም ክትባት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራሙን የጀመረው በ1974 ነው። በአገራችን ፕሮግራሙ በ1980 ተጀመረ። አብዛኞቹ የሕፃናት ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሊቆዩ ይገባል። ፍሪጁ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ሕፃኑ ያለው ግን ከተራራው ማዶ፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ነው። ይህን ርቀት የሚያገናኘው በትከሻ የሚንጠለጠል አንድ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። በግድግዳው ውስጥ ፎም አለ፤ ፎም ማለት በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን አረፋዎች የታሰረ ጋዝ ነው። የፋርሱ ገለባ፣ የቱዶር ሰጋቱራና የሩምፈርድ ላባ በአዲስ መልክ መጡ ማለት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሳጥኑን ስታዘጋጅ የምታደርጋት አንዲት ነገር አለች። በውሃ ተሞልተው የቀዘቀዙትን የፕላስቲክ እሽጎች ከማቀዝቀዣው አውጥታ ወዲያው አትከትም። ጥቂት ትጠብቅና እሽጉን ወደ ጆሮዋ ቀርባ ታናውጠዋለች። ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማት ይገባል። ምክንያቱም ገና ከማቀዝቀዣ የወጣ እሽግ ከዜሮ በታች በጣም የቀዘቀዘ ነው፤ እንደ ቲታነስና ሄፓታይተስ ቢ ያሉ ክትባቶች ደግሞ ከረጉ ይበላሻሉ። መቅለጥ የጀመረ በረዶ ግን ዜሮ ዲግሪ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ብርድም ጠላት ነው፤ እሷም በሁለቱ መካከል ጠባቧን መንገድ ጠብቃ ትጓዛለች።

ችግሩ የተበላሸ ክትባት በዓይን ላይለይ መቻሉ ነው። እናት ልጇን አዝላ፣ ሰዓታት ተጉዛ፣ ወረፋ ጠብቃ አስከትባ «ልጄ ተጠበቀ» ብላ ትመለሳለች፤ መርፌው ውስጥ ያለው ግን ኃይሉን ያጣ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ከ1996 ጀምሮ በፖሊዮ ጠብታ ብልቃጥ ላይ፣ በኋላም በሌሎች ክትባቶች ላይ፣ ሙቀት ሲጠራቀምበት የሚጠቁር ትንሽ ምልክት ተለጠፈ። በክቡ መካከል ያለው ነጭ አራት ማዕዘን እንደ ክቡ ከጠቆረ ብልቃጡ አይሰጥም። እኛም ልጆቻችንን ስናስከትብ ምልክቱን እንዲያሳዩን በትሕትና መጠየቅ እንችላለን።

በ2015 ጊኒ ውስጥ የኢቦላ ክትባት በሰዎች ላይ ሲሞከር ፈተናው ከዚህም የከበደ ነበር። ክትባቱ የሚቆየው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቀዝቅዞ ነበር፤ መንደሮቹ ግን ሞቃታማ ናቸው፣ መብራትም የላቸውም። መፍትሔ የሆነው አርክቴክ የተባለ ትልቅ ዕቃ ነው። ግድግዳው ድርብ ነው፤ በመካከሉም አየር የወጣለት ባዶ ቦታ አለ። ያለ ኤሌክትሪክ ለቀናት ያንን ብርድ ይዞ ይቆያል። ሙከራውም ክትባቱ ከበሽታው እንደሚከላከል አሳየ።

ይህ ማለት የዴዋር ዕቃ መቶ ሃያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ወደ መጀመሪያ ሥራው ተመለሰ ማለት ነው። የተሠራው ለቅዝቃዜ ነበር፤ ዓለም ሻይ ያዘበት፤ ከዚያም ቅዝቃዜ ይዞ በሽተኛ ደጃፍ ደረሰ። በካይሮ መንገድ ከግመሉ ጎን ይሄድ የነበረው በረዶ ጠባቂ ዛሬ ሳጥን በትከሻዋ ያንጠለጠለች ሠራተኛ ሆናለች። የእሱ ጭነት ለአንድ ሱልጣን ነበር፤ የእሷ ግን ገና ስም ላልወጣለት ሕፃን ነው።

ሥራው አሁንም ያው ነው። ሙቀትን ጨርሶ የሚያስቆም ዕቃ እስከ ዛሬ የለም። ለሱሑር ያስቀመጥነው ሻይም ውሎ አድሮ ይቀዘቅዛል። ዕቃው የሚሰጠን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከማታ እስከ ሱሑር፣ ከጤና ጣቢያው እስከ ተራራው ማዶ የሚያደርስ ጊዜ።